በክንድ ስለሚቀበረው የወሊድ መከላከያ፦ ችግሩና መፍትሔው



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የዛሬው የጥናት ጽሑፋችን የሚነሣው በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ተደብቆ ከቆየ አንድ ጉዳይ ነው። ባለ ጉዳይዋ እኅታችን «ስሜን አትጻፉ እንጂ ነገሩን ጻፉት፣ ሌላዋ ትማርበት» ስላለችን በዚህ እትም ለማቅረብ ተነሥተናል።

ይህች እኅታችን ባለትዳር ናት። ሥልጠናዋን ሳትጨርስ መውለድ ስላልፈለገች ለዕረፍት አገሯ በሄደች ጊዜ በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ አስቀብራ ተመለሰች። በሁለተኛው ወር ደም ይታያት ጀመር። አንድ ሣምንት፣ ሁለት ሣምንት፣ ሦስት ሣምንት ሆነው። ብዙ አይደለም፤ ግን አይቆምም። ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር መምረጥ ጀመረች። ሰሌዳ ላይ ውጪ ስትባል «አሞኛል» ትላለች። ወደ አንድ ጤና ተቋም ብትሄድ «የተለመደ ነው፣ ቻይው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው አይወጣም» ተባለች። ከዚያ አንድ ማታ ምላጭ ይዛ መጣችና «እባካችሁ እናንተ አውጡልኝ፤ ይኸው እዚህ ጋ ይዳሰሳል» ብላ ለመነችን።

አላደረግነውም። ነገር ግን የምንመልስላት ቃልም አልነበረንም። አንዳችን «ደምሽን ይጨርሰዋል»፣ ሌላዋ «መካን ያደርጋል ይባላል» አልን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን የመጣን፣ ነገ በሰው ልጆች ፊት ቆመን ባዮሎጂ የምናስተምር ሰዎች ከመንደር ወሬ የተሻለ ነገር አልነበረንም። በጣም አፈርን። በማግስቱ ሁለታችን ይዘናት ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄድን። ከዚያ የሰማነውን፣ በኋላም አንብበን የተረዳነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1. ነገሩ ምንድን ነው?

በክንድ የሚቀበረው መከላከያ መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው ኖርፕላንት በሚባል ስም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በፊንላንድ አገር ተፈቀደ። ኖርፕላንት ስድስት ዘንጎች ነበሩት። በኋላ ግን ቁጥሩ እየቀነሰ መጣ። ጃዴል የሚባለው ሁለት ዘንጎች አሉት፤ አምስት ዓመት ያገለግላል። ኢምፕላኖን የሚባለው አንድ ዘንግ ብቻ ነው፤ አገራችን ውስጥ «የሦስት ዓመቱ» እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ማለትም የክብሪት እንጨት ያክላል። በውስጡ 68 ሚሊ ግራም ሆርሞን ይዞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ወደ ደም ይለቃል።

ይህ ሆርሞን ሁለት ዋና ሥራ አለው። አንደኛ፣ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ የማኅፀን በር ፈሳሽን በማወፈር የወንዴ ዘር እንዳያልፍ ይከለክላል። ከ1,000 ተጠቃሚዎች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የምታረግዘው አንዲት ብትሆን ነው። ክኒን የሚረሳ ሰው አለ፤ የመርፌ ቀጠሮ የሚያልፈው አለ። ይህኛው ግን ማስታወስ አያስፈልገውም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እየሠለጠኑ ኢምፕላኖንን እዚያው ቀበሌ ጤና ኬላ ውስጥ መቅበር ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 41ዱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ከእነዚህ 27ቱ በመርፌ፣ 9ኙ ደግሞ በክንድ በሚቀበረው ነበር። ስለዚህ የምንመደብበት የገጠር ትምህርት ቤት የትም ይሁን የት፣ ይህ ነገር በክንዷ ያለ እናት አትጠፋም።

2. ደሙ ለምን ይዛባል?

ሴቶች ከሁሉ በላይ የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። በባዮሎጂ እንደተማርነው የማኅፀን የውስጥ ሽፋን በየወሩ ይወፍራል፤ ሆርሞኑ ሲቀንስ ደግሞ ተላቅቆ በወር አበባ መልክ ይወጣል። መከላከያው ሲቀበር ግን ሆርሞኑ ከፍና ዝቅ ሳይል ሁልጊዜ ስለሚለቀቅ ሽፋኑ አይወፍርም። እንደ ስስ ምርጊት እናስበው። በደንብ ያልወፈረ ምርጊት ወቅት ሳይጠብቅ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይረግፋል። የማኅፀኑ ሽፋንም ሲሳሳ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች በቀላሉ ስለሚደሙ ባልታሰበ ቀን ደም ጠብ ይላል። ሽፋኑ ጭራሽ ካልወፈረ ደግሞ የሚረግፍ ነገር ስለሌለ የወር አበባ ይቀራል።

ኢምፕላኖንን በተጠቀሙ 923 ሴቶች ላይ የተደረጉ 11 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ የሚከተለውን አሳይተዋል። በየሦስት ወሩ ሲቆጠር ከ100 ጊዜ 22 ያህሉ ደም ጨርሶ የማይታይበት፣ 34 ያህሉ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይበት፣ 18 ያህሉ ረዘም ላሉ ቀናት የሚቆይበት፣ 7 ያህሉ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚመጣበት ነበር። በደም መዛባት ምክንያት መከላከያውን ያስወጡት ከ100 ሴቶች 11 ያህል ናቸው። በሌላ በኩል ከመቀበሩ በፊት የወር አበባ ሕመም ከነበረባቸው ሴቶች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ ቀርቶላቸዋል ወይም ቀንሶላቸዋል።

ከዚህ የምንረዳው ደሙ በእያንዳንዷ ሴት ላይ የተለየ መሆኑን ነው። በዚያው በመኝታ ክፍላችን ሌላዋ ጓደኛችን ዓመት ሙሉ ደም አላየችም፤ ደስ ብሏት ትኖራለች። የአንዷ ዕድል ለሌላዋ ማስረጃ አይሆንም።

ደሙ ከቀረ ወዴት ሄደ? ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት የገጠር ትምህርት ቤት ያከራዩን እናት ይህንኑ ጠይቀውን ነበር። «ልጆቼ፣ ደም ካየሁ አምስት ወሬ። ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ አንድ ቀን አይገለኝም?» አሉን። ያኔ «እማማ፣ እኛም አናውቅም» ብለን ዝም አልን። ዛሬ ቢጠይቁን መልሱን እናውቀዋለን፦ «እማማ፣ የሚጠራቀም ነገር የለም፤ ሽፋኑ ስላልተሠራ የሚወርድ ደም አልተፈጠረም። ሆኖም ጥርጣሬ ካለዎት እርግዝና አለመኖሩን ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ።»

3. ደሙ ሲበዛ ወይም ሲረዝም ምን ይደረጋል?

«አደገኛ አይደለም» ማለት «ቻይው» ማለት አይደለም። ለሦስት ሣምንት ደም የሚታያት ሴት ልብስ ትለውጣለች፣ ውኃ ትፈልጋለች፣ ከባሏ ጋር ትጣላለች። ቤተ ክርስቲያን መግባት ወይም ሶላት መስገድ ሲቀርባት ልቧ ይከፋል። ይህን ሁሉ ቀላል ነው የሚል ሰው ስላልደረሰበት ብቻ ነው። ስለዚህ፦

ሀ/ ደም የታየበትን ቀን በደብተር መመዝገብ። «ብዙ ጊዜ ሆነኝ» ከማለት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በቀን ይህን ያህል ጨርቅ» ማለት ለሐኪም ይረዳል።

ለ/ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር። ደሙ ከእርግዝና፣ ከማኅፀን ቁስለት ወይም ከአባላዘር በሽታ የመጣ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። ሁሉን በመከላከያው ማሳበብ ሌላ በሽታ ይደብቃል።

ሐ/ መድኃኒት መኖሩን ማወቅ። እንደ አይቡፕሮፌን ወይም ሜፌናሚክ አሲድ ያሉት ከምግብ በኋላ ለአምስት ቀን ይሰጣሉ፤ ወይም ለሚስማማት ሴት የወሊድ መከላከያ ክኒን ለ21 ቀን ይታዘዛል። እነዚህ ደሙን ለጊዜው ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። መጠኑን የሚወስነው ጤና ባለሙያው ነው። የጨጓራ ቁስለት ላለባት አይቡፕሮፌን ጉዳት ስለሚያመጣ ከጓደኛ ተበድሮ መዋጥ አይገባም።

መ/ ደም ማነስን መከላከል። ምስር፣ ጎመን፣ ጤፍ፣ ሲገኝም ሥጋ መመገብ፤ ቡናና ሻይን ከምግብ ጋር አለመጠጣት። ሻይና ቡና በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል። የድካም ስሜት፣ የዓይን ብዥታና የልብ ትርታ ካለ ደሟን መመርመር ያስፈልጋል።

በብዙዎቹ ላይ ደሙ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ እየተሻለ ይሄዳል። በሁሉም ላይ ግን አይደለም። ጥቂት ወር ታግሣ ልታይ የምትፈልግ ትታገሥ፤ የበቃት ደግሞ ታስወጣ። ይህ የእሷ ውሳኔ ነው።

4. ሌሎች ችግሮች

ራስ ምታት፣ የጡት ሕመም፣ ብጉር፣ ማጥወልወል፣ የክብደት መጨመርና የስሜት መለዋወጥ በአንዳንዶች ላይ ይታያሉ። ብዙውን ጊዜ ቀላል ሲሆኑ በጊዜ ብዛት ይቀንሳሉ። ቀላል ራስ ምታት በተለመደው የሕመም ማስታገሻ ይታከማል። ነገር ግን ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ከሚል ነገር ጋር የሚመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት ሐኪም ሊያየው ይገባል። እንዲሁም ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ከሰው መሸሽ፣ ሣምንታት የሚዘልቅ ሐዘን ከመጣ «ጠባይዋ ተበላሸ» ብሎ ማለፍ ሳይሆን ለጤና ባለሙያ መንገር ነው።

በተቀበረበት ቦታ ለጥቂት ቀን ማበጥና መበለዝ የተለመደ ነው። ቦታው ለአራት ቀን ያህል ውኃ እንዳይነካው ይደረጋል።

አንድ ሌላ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። አንዳንድ መድኃኒቶች የመከላከያውን ኃይል ይቀንሱታል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ እንዲሁም ኤፋቪረንዝ የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እነዚህን የምትወስድ ሴት ከመቀበሩ በፊት መናገር አለባት። መከላከያው ከኤች አይ ቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች እንደማያድንም መዘንጋት የለበትም፤ ለእነዚያ ያለው ኮንዶም ነው።

5. ወሬውና እውነቱ

«መካን ያደርጋል።» ሐሰት ነው። ዘንጉ ከወጣ በኋላ ሆርሞኑ በአንድ ሣምንት ውስጥ ከደም ይጠፋል። እንቁላልም በጥቂት ሣምንታት ውስጥ መለቀቅ ይጀምራል። እንዲያውም ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «ገና ቆይቶ ነው የማረግዘው» ብለው ሳይዘጋጁ ያረግዛሉ። ማርገዝ የማትፈልግ ሴት ባስወጣችበት ቀን ሌላ መከላከያ መጀመር አለባት።

«ከባድ ሥራ አያሠራም፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም ይከለክላል።» ሐሰት ነው። ቁስሉ እስኪሽር አንድ ሁለት ቀን በዚያ ክንድ ከባድ ነገር ባታነሣ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ትፍጭ፣ ትጋግር፣ ትሸከም።

«በደም ዞሮ ልብ ውስጥ ይገባል።» ይህ ወሬ ጥቂት እውነት አለበት። በትክክል ከቆዳ ሥር የተቀበረ ዘንግ ባለበት ይቆያል። በጣም ወደ ውስጥ ዘልቆ ከተቀበረ ግን እጅግ አልፎ አልፎ ከቦታው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከተቀበረ በኋላ ባለሙያውም ሴትዮዋም በጣት ዳስሰው ማረጋገጥ አለባቸው። የማይዳሰስ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሶ ማስመርመር፣ እስከዚያም በኮንዶም መጠቀም ነው።

«የሚያጠባ ሕፃን ይጎዳል።» ሐሰት ነው። የወተቱን መጠንም ሆነ የሕፃኑን ዕድገት አይቀንስም።

«ለሁሉም ሴት ይሆናል።» ይህም ትክክል አይደለም። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ከባድ የጉበት በሽታ ያለባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከማኅፀን የሚፈሳት ሴት አስቀድማ ለሐኪም መንገርና መመርመር አለባት።

6. ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

— የተቀበረበት ቦታ ቢቀላ፣ ቢያተኩስ፣ መግል ቢይዝ፣ ወይም ዘንጉ ብቅ ቢል፤
— ከወትሮው የወር አበባ ሁለት እጥፍ የሚበዛ ደም ቢፈስ፤
— ከእምብርት በታች ኃይለኛ ሕመም ቢመጣ፣ በተለይም ከማዞር ጋር (ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላልና)፤
— ዓይን ወይም ቆዳ ቢጫ ቢሆን፤
— አንድ እግር ቢያብጥና ቢያም፣ ደረት ቢወጋ፣ ትንፋሽ ቢያጥር፤
— እርግዝና ቢጠረጠር።

7. ስለ ማስወጣት

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። እኅታችንን ምላጭ ያስያዛት ደሙ ብቻ አልነበረም፤ «አይወጣም» የሚለው ቃል ነው። በር የተዘጋበት ሰው በመስኮት ይዘላል።

ሦስት ዓመት ማለት መድኃኒቱ የሚያገለግልበት ጊዜ እንጂ የእስር ዘመን አይደለም። አንዲት ሴት በሦስተኛው ወርም፣ በሦስተኛው ሣምንትም ቢሆን ማስወጣት ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከልና ጤንነታቸውን ለማስጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና ዐቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መቅበር ብቻ ፈቅዶ ማውጣትን የሚከለክል አሠራር ከዚህ መንፈስ ጋር አይሄድም።

በተግባር ግን አንድ ችግር አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሠለጠኑት በይበልጥ ለመቅበር ነው፤ ለማውጣት ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ጤና ኬላው ደጅ ላይ ሆኖ ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመቀበሩ በፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ «ደሜ ቢዛባ ወደ ማን ልምጣ? ማስወጣት ብፈልግ የትና ማን ያወጣልኛል? ጊዜው የሚያልቀው መቼ ነው?» የተቀበረበት ቀን የተጻፈበት ካርድም ከመታወቂያ ጋር መቀመጥ አለበት።

ማውጣቱ ከባድ አይደለም። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፣ ትንሽ ይቀደዳል፣ ዘንጉ ይወጣል፤ የሚፈጀው ደቂቃዎች ነው። የምትፈልግ ሴት በዚያው ቀን አዲስ ማስቀበር ትችላለች። በምላጭ ቤት ውስጥ ማውጣት ግን መግል፣ ቴታነስ፣ የነርቭና የደም ሥር መቆረጥ ያመጣል፤ ዘንጉም ተሰብሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

8. የመምህሩ ድርሻ

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ መድኃኒት አናዝም። ነገር ግን በገጠር ቀበሌ ውስጥ ደብዳቤ የሚነበብለት፣ ምክር የሚጠየቀው መምህር ነው። ስለዚህ፦

ስለ ወር አበባ ስናስተምር ሳንሸማቀቅ ሰሌዳ ላይ ሥለን እናስረዳ። ምሥጢር የነገረችን ሴት ነገሯ መምህራን ክፍል ውስጥ የቡና ወሬ እንዳይሆን እንጠብቅ። «ተሳስተሻል» ከማለት አስቀድመን «ምን ሆነሽ ነው?» ብለን እናዳምጥ። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ እንምራ፤ ካስፈለገም አብረን እንሂድ። ወንድሞቻችንም ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ አትለፉት። ነገ ሚስታችሁ ደም በዛብኝ ስትል ፊት የምታጠቁሩ ወይስ ልጅ ይዛችሁ «ሂጂ ታከሚ» የምትሉ ትሆናላችሁ?

ማጠቃለያ

የእኅታችን ነገር እንዲህ አለቀ። በሁለተኛው ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ መጀመሪያ ያለችው «ተቀመጪ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ነበር። ከመረመረቻት በኋላ የአምስት ቀን መድኃኒት ሰጠቻት። ቀጥላም «ካልተሻለሽ ወይም ካልፈለግሽው ተመለሺ፣ እኔ አወጣልሻለሁ» አለቻት። ደሙ ለአንድ ወር ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣ። እኅታችን ተመልሳ ሄዳ አስወጣችውና በዚያው ቀን ሌላ ዘዴ ጀመረች። በኋላ ስንጠይቃት ምን አለች? «መድኃኒቱ ሳይሆን ‹አወጣልሻለሁ› የሚለው ቃል ነው እንቅልፍ የሰጠኝ።» ፈተናዋንም ተፈትና አልፋለች። ያቺ ዓመት ሙሉ ደም ያላየችው ጓደኛችን ደግሞ የእሷን እንደያዘች ናት። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

መከላከያው ጥሩ መከላከያ ነው። ጥሩነቱ የሚታየው ግን ሴትዮዋ አስቀድማ የሚመጣውን ስታውቅ፣ ሲቸግራት የሚያዳምጣት ስታገኝ፣ በቃኝ ስትል ደግሞ በሩ ክፍት ሲሆን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መከላከያው በተቀበረላት ሴት ላይ የወር አበባ የሚቀረው ለምንድን ነው? ደም ተጠራቅሞ ነውን? ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ በሚገባ ቋንቋ አስረዱ።
2. «የተለመደ ነው፣ ቻይው» የሚለው መልስ ምን ጉዳት አለው?
3. አንዲት የተማሪ እናት መጥተው «ልጄ፣ ይህን ነገር በቢላ ላውጣው?» ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ወደ ማንስ ትልኳቸዋላችሁ?
4. የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስድ ሴት መከላከያውን ከማስቀበሯ በፊት ምን መናገር አለባት? ለምን?

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም።

አምስት የአንድ መኝታ ክፍል ሠልጣኞች